የእማዬ ቡፌ እና የወንድሜ ባዶ ሳሎን

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የእማዬ ቡፌ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ... አጠገቡ አጎቴ ጋሼ መኮንን ላባቸውን ይጠርጋሉ።

ታላቅ ወንድሜ አቪ በመኪና አደጋ ከሞተ ሳምንት አለፈው። ለሺቭዓው፣ ለልቅሶው ሳምንት፣ ቦታው ለለቀስተኛው እንዲበቃ ብለን የሳሎኑን ዕቃ ሁሉ ጎረቤት አስቀምጠን ነበር። አሁን ፍራሾቹም ተነሥተዋል። የቀረው ነጭ ግድግዳና አንድ ወንበር ብቻ ነው።

አቪ ቢያየው በደስታ ይሞት ነበር... ማለቴ፣ እንደገና።

ዕድሜውን ሙሉ ከእማዬ ጋር የተጨቃጨቀው በዚህ ቡፌ ነው። ማንም የማይበላባቸው ሳህኖች፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከማን ሠርግ እንደመጡ የተረሱ ብርጭቆዎች... «እማ፣ ጣይው፤ ቤቱ ይተንፍስ» ይላታል። እሱ እዚሁ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ አጋሚም ሰፈር አዲሶቹ ፎቆች ላይ ተከራይቶ ሲገባ የገዛው አንድ ፍራሽ፣ አንድ መብራትና አንድ ወንበር ነበር። እንግዳ ሲመጣ እሱ ይቆማል። እማዬ መጀመሪያ ልትጠይቀው የሄደች ቀን ዙሪያውን አየችና «ልጄ፣ ሌባ ገብቶ ነው?» አለችው።

እና ቡፌውን ከጋሼ መኮንን ጋር ተሸክመን በሩ ላይ ስንደርስ፣ አንዲት ወጣት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ከሊፍቱ ወጣች። በዚያው ቀን ጠዋት ከጎናችን የገባች አዲስ ጎረቤት ናት። መንገዱን ዘግተንባታል። አንገቷን አስግጋ ሳሎናችንን አየች...

«ምን ዓይነት ቤት ነው ያላችሁ» አለችኝ በዕብራይስጥ። «ሚኒማሊስቲ። ማን ነው የሠራላችሁ?»

እማዬ ዕብራይስጥ ብዙም አትሰማም።

«ምን አለች?» አለች እማዬ ከውስጥ።

«ቤታችሁ ዕቃ ስለሌለው ያምራል ነው የምትል።»

ሴትዮዋ አላቆመችም። «ይሄን ትልቅ ነገር ግን እንዳታስገቡት፤ ያበላሸዋል።»

ይሄንንም ተረጎምኩ።

ጋሼ መኮንን «ቶሎ ወስኑ እንጂ፣ ወገቤ ተቆረጠ» ይላሉ። ከዚያ እማዬ ሳቀች... አቪ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

«ይቺንስ እሱ ነው የላካት።»

«ልንገራት?»

«ተው፣ አራስ ናት፤ አታስደንግጣት።»

ከዚያ ዞር ብላ ባዶውን ሳሎን ቆማ አየችው... እኔም በቃ፣ አቪ አሸነፈ ብዬ የቡፌውን ጫፍ ላወርድ ስል፦

«ከዚህ ቤት የጎደለው ይበቃል» አለች። «አስገቡት።»

አስገባነው። ሳህኖቹን፣ ብርጭቆዎቹን፣ አበባውን ወደየቦታቸው መለስን። መካከለኛው መደርደሪያ ጋ ስደርስ ግን እጄን ያዘችኝ።

«እዚህ ምንም አታድርግ። ይቺ የእሱ ናት።»

አቪ ያን ሁሉ ተከራክሮ በመጨረሻ አንድ መደርደሪያ አሸነፈ... አቧራዋን የምጠርገው ግን እኔ ነኝ።