ከመኪናው ሥር የታዩኝ እግሮች

ባለፈው ሳምንት ሹፌሩ የጎረቤቴ ልጅ እየተበሳጨ ቤቴ ገባ። የጭነት መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን አላለፈችለትም።

«አንዲት ልጅ ናት የጣለችኝ፣ እትዬ እናትነሽ! መብራቱን አየች፣ መሪውን ወዘወዘች፣ መጨረሻ ላይ "አስተካክለህ ተመለስ" ብላ አሰናበተችኝ።»

«ቆንጆ ናት?» ስል ራሴን ሰማሁት።

ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ። አልፈረድሁበትም። እኔ የጠየቅሁት ስለ ሌላ ሴት ነበር። ስሟ ወይንሸት ይባላል፤ በወጣትነቴ ቡሬ ላይ መኪና ትመረምር ነበር።

ያኔ ከይበልጣል ጋር ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። ፍኖተ ሰላም ዳር ላይ በተከራየናት ቤት እንኖራለን። እሱ ኤንትሬ የሚሏትን አሮጌ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከቡሬ በርበሬና በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል። ሲመለስ ልብሱ በርበሬ በርበሬ ስለሚል ሸሚዙን ያጠብሁ ቀን ሳስነጥስ እውላለሁ። ይኼንንም እወደው ነበር። ያልወደድሁት ወሬውን ነው።

«ወይንሸት እኮ፣ የጎማ አየር የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው ትላለች።» «ወይንሸት እንደምትለው፣ ቁልቁለት የሚወረደው በከባድ ማርሽ ነው።» ምሳውን የማቀርበው እኔ፣ ገበታው ላይ የምትቀመጠው ወይንሸት!

እኔም ስለ መኪናዋ የምለው ነበረኝ። ወደ ሰፈራችን ቁልቁል ስትወርድ ከኋላዋ ክፉኛ ታንቋርራለች። «ይኼ ድምፅ ደግ አይመስለኝም» ብለው ሳቀብኝ። «አንቺ ደግሞ! መኪና እንደ ላም በጩኸቷ አትታወቅም።»

የምርመራው ቀን ሲደርስ አክስቴን ልጠይቅ ብዬ አብሬው ተነሣሁ። አክስቴ ቡሬ መኖሯ እውነት ነው፤ ለቅዳሴ የማስቀምጣትን ቀሚስ የለበስሁት ግን ለአክስቴ አልነበረም።

ኅዳር ነበር። መንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኖ፣ አንዳንዱ ማሳ ታጭዶ፣ ነፋሱ የገለባ ሽታ ያመጣል። ማንኩሳ ላይ ቆመን ትኩስ ቅቅል ድንች በዳጣ ገዛልን። ልጦ አጎረሰኝ። ዳጣው ዓይኔን እያስነባኝ ስስቅ፣ ምን ፍለጋ እንደመጣሁ ለቅጽበት ረሳሁት።

«ወይንሸትም ድንች በዳጣ ነፍሷ ነው» አለ።

የቀረውን ድንች በመስኮት ወረወርሁት።

ቡሬ ምርመራው ግቢ ስንደርስ ወይንሸትን ያገኘናት ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ጉንጯ በግራሶ ተነክቶ ነው። እንደፈራሁት ቆንጆ አልነበረችም፤ ከዚያ የባሰች ነበረች። ስትናገር ወንዶቹ ሁሉ ዝም ብለው ይሰሟታል።

«ይበልጣል! ዘንድሮስ በደንብ አዘጋጅተሃታል?» አለችው ጮክ ብላ።

ያኔ እኔ በሰው ፊት የባሌን ስም አልጠራም። በአገራችን ወግ ነውር ነበር። እሷ ግን በአደባባይ፣ ያውም በአንተታ!

መብራቱን፣ መሪውን፣ ጎማውን አየች። ከዚያ የእጅ ባትሪዋን ይዛ ከመኪናው ሥር ገባች። ትንሽ ቆይታ «ናማ፣ ይኼን በዓይንህ እየው» ብላ ጠራችው። እሱም ገባ። «እህቴ፣ አንቺ ፍሬን ርገጪልን!» አለችኝ።

ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ወደ ኋላ አየሁ። አራት እግሮች፣ ሁለቱ የእሷ፣ ሁለቱ የባሌ፣ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። የሚያወሩት አይሰማኝም።

«ርገጪ!»

ረገጥሁ። እንደዚያ ቀን ፍሬን የረገጠ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል። «የኋላ ጎማው የፍሬን ታምቡር ተሰንጥቋል። ፍሬኑ አያስተማምንም፤ አላሳልፍህም።»

«ወይንሸት፣ በሞቴ! ነጋዴው በርበሬውን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ነገ ዓባይን መውረድ አለብኝ። ስመለስ እቀይረዋለሁ።»

«ከተመለስህ ነው» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እህቴ፣ ስትመጡ ድምፅ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ነግሬውም ነበር።»

«ነግራህ ኖሯል እኮ!» ብላ አፈጠጠችበት። ይበልጣል አቀረቀረ። ልጠላት የመጣሁባት ሴት ለእኔ ወገነች። በደንብ አድርጌ እንዳልጠላት እንኳ ከለከለችኝ።

እዚያው አቅራቢያ ካለ ጋራዥ ገባን። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ታምቡሩን አወጣና በመዶሻ ነካ ቢያደርገው ለሁለት ተከፈለ። ይበልጣል መሬት ላይ ዘጭ አለ። ከነሙሉ ጭነቱ ዓባይ ቁልቁለት ላይ ራሱን ያየ ይመስለኛል፤ እኔም አየሁት። አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ወይንሸት አተረፈችኝ» አለ።

እጁን ያዝሁት። ባሌ በሕይወት ስላለ እመቤቴን በልቤ አመሰገንሁ። እዚያው ልቤ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይለበልበኝ ነበር። ያንኑ ነገር ቀድሜ የነገርሁት እኔ ነኝ። የእኔን ሳቀበት፣ የእሷን ሰማ። ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ለካስ የቀናሁት በእግሯም በፊቷም አልነበረም። በቃሏ ነው። ባሌ እኔን እንዲያ ቢሰማኝ ድንቹንም በሰጠኋት።

ነጋዴው ጭነቱን ለሌላ ሹፌር ሰጠው። ሌላ ታምቡር አስገጥመን ባዶ መኪና እየነዳን ተመለስን። ማንኩሳን ስናልፍ ይበልጣል «የምትሰሚው ድምፅ ካለ ንገሪኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የምለውን በእውነት ይሰማ ጀመር። ወይንሸት ወደ ሌላ አገር ተዛወረች ሲባል ሰማን፤ ደግመን አላየናትም።

አሁን ይበልጣል መንዳት ካቆመ ቆይቷል፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። የጎረቤቴ ልጅ ሲሄድ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ወይንሸት አሁን የት ትሆን?» አልሁት።

«ማን?» አለኝ።

ቅናት ከዕድሜ ጋር የሚበርድ ይመስለኝ ነበር። ሰው በእውነት የረሳውን ስም ሲሰማ ትንሽ ያስባል፣ ዓይኑን ያንከራትታል። ይበልጣል ግን አፌን ሳልዘጋ ነው የመለሰልኝ። ያተረፈችውን ሴት እንዲረሳ አልፈልግም፤ ቢረሳት እኔው እታዘበው ነበር። ግን «ማን?» ከማለቱ በፊት ለይምሰል እንኳ ትንሽ ቢቆይ ምን ነበረበት?