የጋሽ ቆይ ጨርቅ

የመርከቧን ክሬን ሃያ ዓመት የነዳውን ሰው ሁሉም «ጋሽ ቆይ» ይለዋል። ዕቃ ከማንሳቱ በፊት «ቆይ» ይልና የብረት ገመዱን በጥጥ ጨርቅ ያብሳል፤ ጨርቁ ከተያዘ፣ እዚያ የተበጠሰ ሽቦ አለ ማለት ነው። ትናንት አምስት ቦታ ስለያዘው «በደንቡ መሠረት ገመዱ ይቀየር» እያለ የካፒቴኑን ጨጓራ ሲልጥ ዋለ።

ዛሬ ጠዋት ጨርቁ ሙልጭ እያለ ወረደ። «እሰይ፣ ቀየሩልኝ» ብሎ አንድ ከባድ ሞተር አነሳ። ሞተሩ በመርከቧ ሆድ ውስጥ ከሚሠሩት ስድስት ሰዎች አናት በላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጨርቁን ገልጦ አየው፤ በግራሶ ተለውሷል።

«ገመዱን ማን ነካው?» አለው አጠገቡ የቆመውን የመርከቧን መካኒክ።

«እኔ ነኛ፣ ጋሼ። ጨርቅህን እየያዘ ሲያስቸግርህ ጊዜ፣ ድፍን አድርጌ ቀባሁልህ።»

«ቆይ» አለ ጋሽ ቆይ ቀስ ብሎ። ዕቃ ከተነሳ በኋላ ሲለው በሃያ ዓመት ሥራው የመጀመሪያው ነበር።