የማይጽፍ የጽሕፈት መኪና

ገብረኪዳን ኃይለመስቀል አሰላ ላይ ሒሳብ ሲያስተምር የሸበተ ሰው ነው። ጢቾ ተወልዶ፣ አባቱ «እርሻ ግፋ» ሲሉት እሱ ቁጥር እየገፋ መምህራን ማሠልጠኛ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው። ሰሌዳው መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። ገብረኪዳን ደግሞ በየዓመቱ ለአሥራ አንደኛ ክፍል የሚሥለው አንድ መስመር አለው፤ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል፤ ማለቂያ የለውም። ሒሳብ የተማረ ያውቀዋል፤ ላልተማረ የውሃ ሞገድ ይመስላል። ጠመኔው ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ቀጭ ይላል፣ ሞገዱም እዚያው ይሰበራል፣ ክፍሉም በሣቅ ይሞላል። በሌለበት «ጋሼ ሞገድ» ይሉታል። ያውቃል፣ አልከፋውም። የከፋው፣ መስመሩ በትክክል ምን እንደሚመስል አንድም ተማሪ ሳያይ መመረቁ ነው።

በ1976 ዓ.ም. አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው ተብሎ ከተማው ቀይ ቀለም ሲቀባ፣ ኦሌ የሚባል ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አገሩ ሊሄድ ሆነ። ገብረኪዳን የኦሌን ልጅ ክረምት ክረምት ሒሳብ አስጠንቷታል። «ምን ልስጥህ?» አለው ፈረንጁ። ሌላ ሰው ቢሆን ብስክሌቱን ይጠይቅ ነበር። ገብረኪዳን ግን ዓይኑን የጣለው ልጅቱ ሳሎን ውስጥ ስትነካካት ባያት ትንሽ ጥቁር ዕቃ ላይ ነበር። ከአንድ ሙልሙል ዳቦ አትበልጥም፤ ቁልፎቿ ሲነኳቸው ላጲስ ላጲስ ይላሉ። ኮምፒውተር ናት።

ገብረኪዳን ኮምፒውተር የሚባለው ነገር አዲስ አበባ፣ ትልልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚገኝ፣ አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዝ ብረት ነው ሲባል ነው የሰማው። ኦሌ ነገሩን አጫወተው። አንድ እንግሊዛዊ ሰው ተነሥቶ፣ ይህ ዕቃ የመንግሥትና የባለጸጋ ብቻ ሆኖ አይቅር፣ ተራው ሰውም ምግብ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠው ብሎ ዋጋውን መሬት አወረደው። እንዴት አወረደው? የሚቀነሰውን ሁሉ ቀነሰ። ማሳያ መስተዋት የላትም፤ የቤትህ ቴሌቪዥን ይበቃታል። የሠራህባትን የምታስቀምጥበት የላትም፤ በቤትህ ቴፕ ካሴት ላይ ትቀዳዋለህ። ብልህ ሰው ነው፣ ልቡም ቅን ነው፤ ምቀኛ ካልሆነ በቀር ይህን የሚክድ የለም። ብቻ በሐሳቡ የሣለው ቴሌቪዥን ያለበትን ቤት ነው። ገብረኪዳን ቤት ያለው አንድ የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ራዲዮና አንድ አሮጌ ቴፕ ነበር።

«ቴሌቪዥን ሳይኖረን የቴሌቪዥን ግልገል አመጣህ?» አለችው ሚስቱ ተሻለች። ተሻለች ዘወትር እንዲህ ናት፤ የምትለው ያናድዳል፣ ትክክል ግን ነው።

ቴሌቪዥን የነበራቸው እትዬ ዙሀራ ናቸው። ባላቸው ከስልጤ አገር መጥተው፣ ገበያው ጫፍ ሱቅ ከፍተው፣ ሱቁ ሲደላደል ሞቱ። ቴሌቪዥኑን ሟቹ ናቸው የገዙት። ያኔ ሥርጭቱ ማታ ማታ ስለሆነ ቀን ቀን በነጭ ዳንቴል ተሸፍኖ ይውል ነበር። ገብረኪዳን አንድ ቅዳሜ ዕቃውንና አሮጌውን ቴፕ በፎጣ ጠቅልሎ ሄደና እያፈረ ጠየቃቸው።

«ግባ እንጂ! ዱሮስ ቀን ተኝቶ ለሚውል ዕቃ» አሉ እትዬ ዙሀራ፣ ዳንቴሉን እያነሡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት የገብረኪዳን ቦታ እዚያ ሆነ። መሬት ይቀመጣል፣ ሽቦ ይሰካል፣ የመስመሩን ትእዛዝ የቀዳበትን ካሴት ያስነሣል። ካሴቱ ሲነሣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት አለው፤ እትዬ ዙሀራ ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከተው ይጠብቃሉ። ከዚያ ያ መስመር ይመጣል። ከግራ ይነሣል፣ ነጥብ በነጥብ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይሰበር፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። መጀመሪያ ያየው ዕለት ገብረኪዳን አለቀሰ። ትልቅ ሰው በመስመር አለቀሰ ብሎ የሚሥቅ ይሣቅ፤ ዕድሜ ልኩን የተሰበረ ነገር ሲሥል የኖረ ሰው ነው።

«ይኼ ነገር እንግዲህ ዜና አያወራ፣ አይዘፍን። ምን ያደርጋል?» አሉ እትዬ ዙሀራ።

«መስመር ይሥላል እትዬ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

«ተማሪዎቼ ቢያዩት ብዬ ነው።»

«ታዲያ አታመጣቸውም? በየተራ ይግቡ። ጫማቸውን ግን ይጥረጉ» አሉ። የሴትዮዋ ቸርነት እንዲህ ነው፤ ጭቃውን ግን አይረሳም። ገብረኪዳን ቅቤ ጠጣ። የዚያን ዓመት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ሊያዩ ነው። ከመቼውም ይልቅ ደግሞ የዚያን ዓመት ልጆች ማየት አለባቸው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይመዘገባል የሚለው ወሬ እየበረታ ነበር፣ ከፊቱ ከተቀመጡት የትኞቹ እንደሚቀሩ አያውቅም።

አሁን ጣጣው መጣ። በዚያ ዘመን ወጣት ተሰብስቦ የሰው ቤት ሲገባ ወሬው ቀድሞ ቀበሌ ይደርሳል። ስለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ማንኛውም የጽሕፈትና የማባዣ መሣሪያ ያለው ሰው ያስመዝግብ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ የወረቀት በታኝ ፍርሃት ከባለሥልጣኖቹ አጥንት ገና አልወጣም። ገብረኪዳን ማስታወቂያውን ቆሞ አነበበና አሰበ። የኔዋ ፊደል ያለበት ቁልፍ አላት። ነገ ልጆቹ ሲገቡ ሰው ያያታል። ሳላስመዘግብ ቢያገኙኝ ጉድ ይፈላል።

«ዝም በል! ማን አየህ? ራስህ እግርህን አንሥተህ ልትነግራቸው ነው?» አለች ተሻለች።

«ልጆቹን ደብቄ አላስገባም። አስተማሪ ነኝ።»

«አስተማሪማ ነህ!» አለችና እንጀራውን ጠቅልላ ተነሣች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጉቱ ቱሳ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ያስተማረው ገብረኪዳን ነው፤ ስለዚህ ዛሬም እርስዎ ይለዋል። ዕቃዋን አገላብጦ አየና ቅጹን ዘረጋ። ቅጹ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ተጽፏል፤ የጽሕፈት መኪና፣ የማባዣ መኪና።

«የትኛዋ ናት መምህር?»

«ከሁለቱም አይደለችም ጓድ ጉቱ። ኮምፒውተር ናት።»

«ከሁለቱም ካልሆነች ለምን አመጧት ታዲያ?»

ገብረኪዳን እዚህ ላይ ዕቃውን በፎጣው ጠቅልሎ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ቢወጣ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልኖረ። ግን ፊርማ የሚያምን ትውልድ ነው፤ አንዴ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ማንም አይነካኝም ብሎ የሚያስብ ዓይነት። «እንግዲያው ከሁለቱ የሚቀርባት የጽሕፈት መኪና ነው» አለ። ጉቱም ጻፈ፣ ማኅተም መታ። ገብረኪዳን ደስ ብሎት ወጣ፤ ጉቱ የልጆቹንም ፈቃድ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚሰጠው ተስፋ ሰጥቶታል።

በሚቀጥለው ሳምንት የመጣው ግን ሌላ ነው። የተመዘገበ የጽሕፈት መኪና ሁሉ ናሙና ያስገባል። ፊደሎቹ በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ተመትተው ይቀርባሉ፤ ነገ አንድ መጥፎ ወረቀት መንገድ ላይ ቢገኝ ከየትኛው መኪና እንደወጣ እንዲለይ ነው። የሁሉም ናሙና ገብቷል፣ የገብረኪዳን አልገባም።

«ወረቀት ላይ አትጽፍም» አለ ገብረኪዳን።

ጉቱ ላብ በላብ ሆነ። «ማሎ፣ እባክዎ መምህር፣ እንዲህ አይበሉ። ላበላሽዎ አልፈልግም። ወረቀቱ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«ወረቀት አይገባባትም እኮ!»

ነገሩ ወደ ላይ ሄደ። ከበላይ አካል ካፖርት የለበሰ ሰው መጣ፤ አይጮህም፣ አይሳደብም፤ እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈራው። ገብረኪዳን «ላሳያችሁ» ብሎ ለመነ። አሳያቸው። እትዬ ዙሀራ ቤት ሽቦውን ሰካ፣ ካሴቱን አስነሣ፤ ጩኸቱ ሲወጣ ከሰውየው ጋር የመጡት ጠብመንጃቸውን ጨበጡ። መስመሩ መጣ። ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይሰበር፣ እንደ ሁልጊዜው አምሮ። ካፖርት የለበሰው ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ተመለከተ።

«በጣም ጥሩ ነው። የሚጽፈው ክፍሏስ የት ነው?» አለ።

«የላትም ጌታዬ።»

«የጽሕፈት መኪና ብለህ አስመዝግበሃል። የምትጽፍበትን ክፍል ደብቀህ ሥዕል ታሳየናለህ?»

ዕቃዋን ከነሽቦዋ፣ ከነካሴቷ ወሰዱ። ወጥተው ሊሄዱ ሲሉ ሰውየው ዞር አለና ቴሌቪዥኑን ተመለከተ። «ያለዚህ ትሠራለች?» ሲል ጠየቀ። ገብረኪዳን ውሸት የማያውቅ ሰው ነው። «አትሠራም» አለ። ቴሌቪዥኑም አካሏ ነው ተብሎ ተጫነ። እትዬ ዙሀራ ዳንቴሉን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆመው ቀሩ።

ገብረኪዳን ራሱም ታሰረ። የሚጽፈውን ክፍል አምጣ ተባለ፤ የሌለ ነገር ከየት ይመጣል? ሲፈቱት ፊቱ አብጦ፣ ግራ ጆሮው እምብዛም አይሰማም ነበር። ክፍሉ ሲመለስ ከልጆቹ ገሚሶቹ የሉም፤ ለውትድርና ተመዝግበው ሄደዋል። ለቀሩት ጠመኔውን አነሣና ያንን መስመር ጀመረ። ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ቀጭ አለ። ማንም አልሣቀም።

ከዚያ በኋላ ያለው ደጅ መጥናት ነው። ማመልከቻ ጻፈ፤ በቆጂ፣ አርቦዬ ድረስ የሰው ሰው ፈልጎ አማላጅ ላከ፤ ጉዳዩ በበላይ አካል ተይዟል ይሉታል። ዕቃዋ የውሃ ሽታ ሆነች። ለእትዬ ዙሀራ ስለ ቴሌቪዥኑ ሊጠይቅላቸው ሲሞክርማ «አንተ ምንህ ነው?» ይሉታል። እሳቸው አንድም ቀን አልወቀሱትም። ቅዳሜ ሲመጣ ሻይ ያቀርቡለታል፣ ባዶውን ጠረጴዛ ሁለቱም ላለማየት እየተጠነቀቁ ስለ ገብስ ዋጋና ስለ ዝናብ ያወራሉ። ያ ሻይ ነበር ሰው ያደረገው፤ ይህን ለተሻለች ራሱ ነግሯታል።

በ1980 ዓ.ም. ጉቱ አስጠራው። «እንኳን ደስ ያለዎት መምህር! መኪናዎ ተመለሰልዎ!»

በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጨርቁ ተነሣ። ትልቅ፣ ግራጫ፣ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነበር።

«ይህ የኔ አይደለም» አለ ገብረኪዳን።

ጉቱ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «የጽሕፈት መኪና አስመዘገቡ፣ የጽሕፈት መኪና መጣልዎ። ወረቀቱ ልክ ነው። የእርስዎ ካልሆነ የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ እርስዎም ይጠየቃሉ፣ እኔም እጠየቃለሁ። ማሎ መምህር፣ ልጆች አሉኝ።»

ገብረኪዳን ፈረመ። ናሙናውንም እዚያው መታ፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው። መኪናዋ አንዱንም አላጎደለችም።

ቤት ሲደርስ ተሻለች የመኪናዋን ሣጥን ከፍታ አየች። ጥጉ ላይ የሴት ፀጉር መቆንጠጫ ተቀምጧል፤ ታይፒስቶች በፊደሎቹ መሐል የሚጠራቀመውን የቀለም እድፍ የሚፈነቅሉበት ነው። መኪናዋ ከአንዲት ሴት ተወስዳ የመጣች መሆኗ ለሁለቱም ገባቸው። መኪናዋ አልጋ ሥር ገባች። ገብረኪዳን ባለቤቷን ለማግኘት ወዲያ ወዲህ አለ፤ የመንግሥት ጸሐፊ የነበረች፣ የጠፋች ሴት ታውቃላችሁ? ብሎ በዝግታ ሰዎችን ጠየቀ። ሰዎቹ ግን እንዲህ አድርገው ነው ያሰቡት፤ ታስሮ ተፈታ፣ መንግሥት የጽሕፈት መኪና ሰጠው፣ አሁን ደግሞ ሰውን ስለ ሰው ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ሰው ጆሮ ጠቢ ካልሆነ በመኪናዋ ምን ይሠራል? መምህራን ማረፊያው ውስጥ እሱ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። አብረውት የሸበቱት ሰዎች ስለ ዝናብ እንኳ ማውራት ፈሩ።

ቅዳሜ እትዬ ዙሀራ ዘንድ ሄደ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። እሳቸው ስኳር እየመዘኑ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ዕቃህን መለሱልህ አሉ» አሉት።

«መለሱ እትዬ። የኔ አይደለም ግን።»

«የኔስ?»

«የእርስዎ አልተመዘገበም። ስላልተመዘገበም አልተወሰደም ነው የሚሉት።»

እትዬ ዙሀራ ስኳሩን ጠቅልለው ለገዢዋ ሰጡ። ገዢዋ እስክትሄድ ጠበቁ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩት ሰው ፊቱን ተመለከቱት።

«ያንተ ብቻ?» አሉ።

ገብረኪዳን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ስለ ቅጹ፣ ስለ ጉቱ ልጆች፣ ስለዚያች ሴት መቆንጠጫ ሊነግራቸው ፈለገ። ግን ይህን ሁሉ ሲያስረዳ መኖሩ ትዝ አለው፤ ከሱ ሌላ ሰው ቢያወራው እሱ ራሱ አያምንም ነበር። እትዬ ዙሀራም ግባ አላሉትም።