ያልተደወለልን እሁድ

በየዓመቱ ሰዓት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋቱ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለው ክርክር እዚህ ካልጋሪ ማለቂያ የለውም። አንዱ እንቅልፌን አጣሁ ይላል፣ ሌላው የበጋው ምሽት ረዘመልኝ ብሎ ይደሰታል፣ ሦስተኛው ስለ ገበሬዎቹ ላሞች ይጨነቃል። እኔ ወሬው ሲነሳ ከጠረጴዛው ተነስቼ ዕቃ ማጠብ እጀምራለሁ። ልጆቼ "እማዬ ደግሞ በሰዓት ትናደዳለች" እያሉ ይስቁብኛል፤ ምክንያቱን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ምክንያቴ ከእንቅልፍም ከላምም ጋር አይገናኝም። የልቤን የማጫውታት ጓደኛዬ በዚያች አንድ ሰዓት ከድታኛለች።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔና እሷ ካስልሪጅ በሚባል ሰፈር አንድ ቤዝመንት፣ ከሰው ቤት ሥር ያለ ምድር ቤት፣ ተከራይተን ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። አንድ የክረምት ቦት ጫማ ነበረንና የጠዋት ሺፍት ያላት አድርጋው ትወጣለች፣ የከሰዓቷ እስክትመለስ ትጠብቃለች። "እህቴ" ነበር የምንባባለው። ኋላ እሷ ሰንሪጅ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሱቅ ተቀጠረች፣ ያገለገለች መኪና ገዛች፣ ብዙም ሳትርቅ የራሷን አፓርታማ ተከራየች። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበርኩ፤ መኪና የለኝም። ቢሆንም እሁድ እሁድ እየመጣች ትወስደኝና አብረን ወደ አማርኛው አምልኮ እንሄድ ነበር። ስንመለስ ደግሞ መኪናዋ የቻለውን ያህል ሰው ትጭናለች።

ጉባኤያችን ትንሽ ነበረች። የራሳችን ሕንፃ ስለሌለን እዚያው በከተማው ሰሜን ምሥራቅ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተን፣ እነሱ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንገባለን። ችግራችን ኤፕሪል ሲገባ ነው። በአንዷ እሁድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋና የጉባኤው ግማሽ ስብከቱ ካለቀ በኋላ ይመጣል። እኔ ራሴ በመጣሁበት ዓመት የደረስኩት ለቡራኬ ነበር። መጋቢው እጁን ዘርግቶ ሲባርክ በሩን ከፈትኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሳቀብኝ።

ሰዓትን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ሲቆጥር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። የልጃቸውን ልጆች ሊያሳድጉ የመጡ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት ነበሩ። መጋቢው ስለ ሰዓቱ ለውጥ ከመድረክ ሲያብራራ ቆይቶ ሲጨርስ እጃቸውን አወጡና "ለመሆኑ ፀሐይዋ ተነግሯታል?" አሉት።

ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ መላ ፈጠርን። የሰዉን ስልክ በሁለት ገጽ ጻፍንና በዋዜማው ቅዳሜ ለእያንዳንዱ መደወል ጀመርን። መደወል ብቻም አይደለም፤ "በሉ ሰዓቱን ከግድግዳው ያውርዱት፣ እኔ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ፣ አሁኑኑ ያዙሩት" እንላለን። ተዞረ ሲሉን ነው የምንዘጋው። ገጽ አንድ ባለ መኪናዎቹ ነበሩ፣ እነሱን እሷ ትደውልላቸዋለች። ገጽ ሁለት በአውቶቡስ የምንሄደው ነን፣ የእኔ ድርሻ። ለውጡ በየትኛዋ እሁድ እንደሆነ እኔ በቃሌ ይዤ አላውቅም፤ ቀኑን ከሥራ ቦታዋ ማስታወቂያ አይታ የምትነግረኝ እሷ ናት። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን፤ ለቡራኬ የሚደርስ ሰው ጠፋ። ኩራታችን ነበረች ይቺ ሥራ።

በሦስተኛው ዓመት ባለ መኪናዎቹ ከከተማው ደቡብ ጫፍ አዳራሽ አገኘን ብለው መጡ። ምንጣፉ አዲስ ነው፣ ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ ጠዋት መግባት ይቻላል። ለእኛ ለገጽ ሁለቶች ግን ወደዚያ መሄድ ማለት እሁድ ጠዋት ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር፣ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አዳራሹ ወደዚያ ከሄደ ቤተ ክርስቲያን የለንም ማለት ነው። እትዬ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ከልጃቸው ቤት ውጪ በአማርኛ "እንዴት ሰነበቱ" የሚላቸው ሰው የሚያገኙት በእሁድ ብቻ ነበር። እኔም ብሆን ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ጋር ነው የምውለው።

ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡት። ኤፕሪል በገባ በመጀመሪያው እሁድ፣ ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከአምልኮው በፊት፤ በሰዓቱ የተገኘ ድምፅ ይሰጣል፣ የዘገየ በተወሰነው ይገዛል ተባለ። እኛ ገጽ ሁለቶች በጣታችን ቆጠርን። ሁላችንም ከተገኘን በሦስት ድምፅ እናሸንፋለን። ከሚቆጠሩት መካከል ጓደኛዬ አለችበት፤ "እኔ ካንቺ ወዴት እሄዳለሁ?" ብላኛለች።

በዚያው ሳምንት ጉንፋን ጣለኝና ከሥራ ቀረሁ። ድምፄ ፈጽሞ ተዘጋ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ የዶሮ ሾርባ ይዛልኝ መጣች።

"እህቴ፣ ድምፅሽ እኮ የለም" አለችኝ።

"ነገ ሞቼም ቢሆን እመጣለሁ" አልኳት በሹክሹክታ። "የሰዓቱ ነገርስ? ነገ አይደል እንዴ የሚቀየረው? ልደውል ብዬ እኮ ድምፅ አጣሁ።"

ሾርባውን እየጨለፈች ነበር። "ኖ፣ ኖ፣ የሚቀጥለው እሁድ ነው። ሞል ውስጥ ለጥፈውት አይቻለሁ። አንቺ ጉሮሮሽን አሳርፊ፣ ገጽ ሁለትንም ለኔ ስጪኝ፤ ያኔ ሁሉንም እኔ ኮል አደርግላቸዋለሁ።"

ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠኋት። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልትወጣ ስትል "ነገ ግን ራይድ አልሰጥሽም፣ ሶሪ" አለች። "ቀድሜ ሄጄ ወንበር መደርደር አለብኝ። ከነእትዬ ጋር በባስ ነይ፣ እሺ?" ግንባሬን ስማኝ ሄደች። ሾርባው ጨው አንሶት ነበር፤ ጠጥቼ ጨረስኩት።

እሁድ ከገጽ ሁለቶች በአንድ መስመር የምንሄደው ሰባት ሆነን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተገናኘን። እትዬ ነጠላቸውን ከወፍራም ካፖርታቸው በላይ አጣፍተዋል፤ መንታ ልጆቿን በጋሪ የምትገፋ እናት አለች፤ የቀረነው በጽዳትና በላውንድሪ የምንተዳደር ነን። ከሰባታችን በዚያ ቀን ሥራ የገባ ስለሌለ የሰዓቱን መቀየር የሰማ አልነበረም። የእሁዱ አውቶቡስ በየግማሽ ሰዓቱ ስለሚመጣ የአንድ ሰዓት ስህተት አያሳብቅም፤ እንደጠበቅነው በደቂቃው መጣልን።

"ዛሬ የሐበሻን ስም ልናድስ ነው" አለች የመንታዎቹ እናት። "ግማሽ ሰዓት ቀድመን መድረሳችን ነው እኮ!"

"በሩን የሚከፍትልን ሰውም ላናገኝ እንችላለን" አሉ እትዬ። ተሳሳቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀድሞ በመድረስ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ስንደርስ መኪና ማቆሚያው ሞልቷል። ውስጥ ገባን። ሰዉ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዞ ቆሟል፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ብጣሽ ወረቀቶችን ሰብስቦ በላስቲክ ያስራል። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ተኩል አልፎ ነበር። እትዬ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ የግድግዳውን አዩ፣ እንደገና የእጃቸውን አዩ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ" አለ ሰብሳቢው። "ድምፁ አልቋል። በሚቀጥለው ወር አዲሱ አዳራሽ እንገባለን።" ከዚያ ፈገግ ብሎ "እንግዲህ የሐበሻ ቀጠሮ ነዋ፣ ምን ይደረግ!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ያ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሁላችንም በራሳችን ላይ ስንስቀው የኖርነውን ቀልድ አንስተው መቱን፤ ማን ይከራከራል? ሐበሻ ዘገየ ቢባል የማያምን አለ? እትዬ ግን ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ወደ ሰብሳቢው ዘረጉ። "ልጄ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ቀድሜ ነው" አሉት። እሱም በአክብሮት ጎንበስ ብሎ "እትዬ፣ እርስዎ አላጠፉም፣ ግን ደንቡ ደንብ ነው" አላቸው። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የእጅ ሰዓታቸውን አዞሩት።

እኔ ገና አልገባኝም ነበር። እሷም ተሳስታ ይሆናል ብዬ፣ እሷም እንደኔ ዘግይታ ይሆናል ብዬ በዓይኔ ፈለግኳት። ያኔ የሰብሳቢው ሚስት ትከሻዬን ይዛ "ውይ፣ አሞሽ ነው አሉ" አለችኝ። "ትባረክ ያቺ ጓደኛሽ፣ ትናንት ማታ ለሁላችንም ደውላ ባታስታውሰን እኛም ነበርን የምንዘገየው።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ስሰማው የኖርኩት ተረት ነው፤ ያን ቀን ግን ወገቤን ሲቆርጠኝ ተሰማኝ። ጓደኛዬ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ኩባያ ትደረድር ነበር። አየችኝና ወደ ውስጥ ገባች። ተከትያት ልጮህ ፈለግኩ፤ ድምፄ ግን ተዘግቷል። ጮኼ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይወጣልኝ ነበር።

ወደ አዲሱ አዳራሽ አንድ እሁድ ብቻ ሄድኩ። ስደርስ ማስታወቂያ እየተነገረ ነበር፣ ምንጣፉ እንዳሉት አዲስ ነው። እትዬ ጭራሽ አልሞከሩትም። አልፎ አልፎ ስጠይቃቸው በልጃቸው ቤት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የመዝሙር ካሴት ሲያዳምጡ አገኛቸዋለሁ፤ "እንዴት ናቸው እነዚያ ልጆች?" ይሉኛል። ማንንም አይወቅሱም። እሳቸው ባለመውቀሳቸው እኔ የባሰ እቃጠላለሁ።

ጓደኛዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳሁም። ሽማግሌዎቹ አዘዋት ነው እያልኩ ለራሴ ስነግር ከረምኩ። ባለ መኪና ስትሆን ከባለ መኪናዎቹ ጋር ተማክራ ሸጠችን አልኩ። ይህን ማሰብ ይቀለኝ ነበር።

ጁን ውስጥ አንድ እሁድ ጠዋት ተጨማሪ ሺፍት ወስጄ አውቶቡስ ስጠብቅ መኪናዋ ፊቴ ቆመች። መስኮቱን አወረደችና "ግቢ" አለች። ገባሁ። ናፍቃኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

"ወዴት ነሽ?" አለች።

"ሥራ። አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትደውዪላቸው ያሉሽ ሽማግሌዎቹ ናቸው?"

"ማንም ምንም አላለኝም" አለች።

"ታዲያ ምን አድርገንሽ ነው?"

መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። "ደክሞኝ ነበር" አለች። "ስድስት ቀን ቆሜ እውላለሁ። እሁድ ደግሞ አንቺን አመጣለሁ፣ ስንመለስ እትዬን፣ የመንታዎቹን እናት ከነጋሪዋ፣ ሌላም ሰው። ቤት ስገባ ይመሻል። ከዚያ አዳራሹ ራቅ ካለ፣ እኔም ወደዚያው ቤት ከቀየርኩ፣ ያን ያህል መንገድ ውሰጂኝ ብሎ የሚደፍር አይኖርም አልኩ። በቃ ይኸው ነው።"

ሽማግሌዎቹ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ሸጣን ቢሆን ኖሮ እንኳ ዋጋ ያለን ነገር ነን ማለት ነው።

"እኔ ራይድ ስጪኝ ብዬሽ አላውቅም" አልኳት።

"ብለሽ አታውቂም። ኮትሽን ለብሰሽ በር ላይ ትቆሚ ነበር።"

እውነት ነው፤ ቆሜያለሁ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ቆሜያለሁ፣ የምትመጣው ወድዳ መስሎኝ።

"ደክሞኛል ብትዪኝ እኮ በባስ እሄድ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ። ከዚያስ? እዚህ ፌርማታ ላይ ቆመሽ እያየሁሽ ልለፍ? እሱን አልቻልኩም።"

ይህን አልቻለችም፤ ሾርባ ይዛ መጥታ ዓይኔን እያየች መዋሸቱን ግን ችላለች። ልላት የፈለግኩት ይህንን ነበር። አውቶቡሱ ከኋላችን መጥቶ ቦታውን እንድንለቅለት ክላክስ ነፋ። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። "እህቴ" ብላ ጠራችኝ፤ አልዞርኩም።

አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ መኪናዋ ወደ ደቡብ ስትታጠፍ በመስኮት አየኋት። አራቱም ወንበር ባዶ ነበር።