የእማማ አንጓች ሽቦ

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት የዳንግላ ወጣት በማስተምርበት የጥርስ ክሊኒክ ወንበር ላይ ተኝታ አፏን ስትከፍትልኝ፣ በታችኛው ድዷ ላይ የግራ ክራንቻዋን ቦታ ባዶ ሆኖ አየሁት። "ይሄ ጥርስ ለምን ሳይበቅል ቀረ ዶክተር?" አለችኝ። ምክንያቱን አላጣሁትም። ጨቅላ ሳለች ተቅማጥ ሲይዛት፣ ገና ከድድ ያልወጣውን የወተት ጥርስ በሽቦ ፈልቅቀው አውጥተውታል፤ ከሥሩ የተኛው የቋሚው ጥርስ ዘርም አብሮ ሄዷል። ይህንን እያስረዳኋት ልቤ ግን ግምጃ ቤት የምትባለው ትንሽ የገጠር ከተማ ደርሶ ነበር።

እዚያ በሄድኩ ጊዜ የመጨረሻ ዓመት የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ የመመረቂያ ጥናቴም ስለዚሁ ስለ ወተት ጥርስ ማስነቀል ነበር። የዚያው የአገው አገር፣ የቆሰበር ከተማ ልጅ ብሆንም አገውኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። ስለዚህ ስመኝ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታስተረጉምልኝ ነበር። ከመሄዴ በፊት አማካሪዬ ቢሯቸው ጠርተው፣ "የምትሄጂው ለመጠየቅና ለማየት ነው። ማከም የጀመርሽ ዕለት ጥናቱ ያበቃል። እጅሽን ሰብስቢ" አሉኝ። እሺ አልኩ። በዚያ ዕድሜ እሺ ማለት ቀላል ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። መንገዱ ጭቃ፣ ዳር ዳሩ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ፣ ዲከረንስ ከሚሉት ዛፍ የከሰለ ከሰል፤ ጫማዬ በየእርምጃው እየከበደ ይሄዳል። የምፈልጋቸው ሴት እማማ አንጓች ይባላሉ። በዚያ አካባቢ የሕፃን ጥርስ በመንቀል የታወቁት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን አረም ላይ ነኝ ብለው፣ ሌላ ቀን ሰው አለብኝ ብለው መለሱን። በሦስተኛው ሳምንት ግን በራቸውን ከፈቱ፤ የተቀቀለ አዲስ ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረቡልን። እንፋሎቱ ገና አልወጣለትም ነበር። እንዲህ ያለ ድንች ከዚያ ወዲህ የበላሁ አይመስለኝም።

"ተቅማጡን የሚያመጣው ድዱ ውስጥ ያለው ትል ነው" አሉኝ። ነጩን፣ ገና ያልጠነከረውን ጥርስ ማለታቸው ነው። አንገቴን እየነቀነቅሁ ጻፍኩ።

አራተኛውን ጥያቄ ሳልጨርስ አንዲት እናት የስድስት ወይም የሰባት ወር ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ገባች። ሦስት ቀን አስቀምጦታል አለች። ልጁ አፉን ይከፍታል፤ ድምፁ ግን አይወጣም፤ ሲያለቅስም እንባ የለውም። እማማ አንጓች ከግድግዳው ስር የተሳለ የብስክሌት ሽቦ አወጡና ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እጅሽ አይንቀጠቀጥም። ጭንቅላቱን ያዥልኝ።"

ያዝኩት። ሦስት ሳምንት ደጅ የጠናሁበት በር እንዳይዘጋብኝ ፈርቼ ይመስለኛል። እናትየዋ እግሮቹን ያዘች። መዳፌ አናቱ ላይ ሲያርፍ እርግብግቢቱ እንደ ማንኪያ ጎድጉዶ አገኘሁት። የልጁ ሰውነት ውሃ አልቋል። ሽቦው ወደ አፉ ወረደ።

ሌባ ጣቴን ከድዱ ላይ ጋረድኩ። ሽቦው ጣቴ ውስጥ ገባ። ደሜ የልጁ አገጭ ላይ ሲንጠባጠብ እናቱ የእሱ መስሏት ጮኸች።

"አይሆንም እማማ! ትል አይደለም፤ ውሃ ነው ያለቀበት!"

"ማን ጠራሽ? ልጄን ስጪኝ!" አለች እናትየዋ።

እማማ አንጓች አልጮሁም። ሽቦውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ "ይውሰዱት። ቢሞት ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ አይደለሁም" አሉኝ።

ስመኝ በአገውኛ ምን ብላ እናቲቱን እንዳሳመነቻት ግማሹን አልሰማሁም። በዚያ ጭቃ ባጃጅ አልነበረም፤ በፈረስ ጋሪ ጤና ጣቢያ ደረስን። ነርሱ ደም ሥር ፈልጎ አጣ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በጥብጠን በማንኪያ ጀመርን። አንድ ማንኪያ እሰጠዋለሁ፤ ያስመልሰዋል። ትንሽ ቆይቼ ሌላ እሰጠዋለሁ። እናቱ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጸልያለች። የታሰረው ጣቴ ይጠዘጥዘኛል። ልጁ ዓይኑን በከደነ ቁጥር "ቢሞት አንቺ ነሽ" የሚለው ድምፅ ይመጣብኛል። ከሰዓቱን ሙሉ እንዲሁ ሆንን።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ጭኔ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ልጁ ሸና! "ሸና! ሸና!" ብዬ እንደ እብድ ጮህኩ። እናቱ ዘወር ብላ ቀሚሴን አየችና፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ልጇን ከእጄ ወሰደችው።

አማካሪዬ ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ፣ "ልጁ ዳነ?" አሉኝ።

"ዳነ።"

"እንግዲያው ሌላ ወረዳ ፈልጊ።"

እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰፈር ከዚያ በኋላ ማንም አላናገረኝም። ጥናቱን ዳንግላ ላይ እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ገና ቅጽ እሞላ ነበር። እማማ አንጓችም ሥራቸውን አልተዉም። በር ዘግተው መሥራት ጀመሩ፤ ስመኝም ከዚያ ወዲህ ልትደርስባቸው አልቻለችም። አንዱን ልጅ ይዤ ስወጣ ስንቶቹን በዚያ በር ኋላ እንደተውኩ አላውቅም።

ዘንድሮ ስመኝ ደውላ ማረፋቸውን ነገረችኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ለቅሶው ላይ የሰማችውንም አጫወተችኝ። ለካ እማማ አንጓች በወጣትነታቸው ሁለት ሕፃናት ልጆቻቸውን በተቅማጥ ቀብረዋል። ሦስተኛዋ ስትታመም አንዲት አሮጊት ጥርሷን ነቀሉላት፤ ልጅቷም እንዳጋጣሚ ተረፈች። ሙያውን የተማሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጣቴን በማስገባቴ ዛሬም አልጸጸትም፤ ነገም ቢሆን አስገባዋለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ቤታቸው ገብቼ ድንቻቸውን እየበላሁ ስለ ሌሎች ሰዎች ልጆች ሁሉ ስጠይቃቸው፣ የእርስዎስ ልጆች እንዴት ናቸው ሳልላቸው ወጣሁ።