ትንሽ አሟታል

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ሳውቀው ነው ያደግኩት። አባቴ የሞተ ጊዜ ባሕር ዳር ተማሪ ነበርኩ። ወንድሜ ደውሎ «አባባን ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በይ» አለኝ። «ትንሽ» ሲል ገባኝ። ጥቁር ቀሚሴን ቦርሳዬ ግርጌ ከትቼ እስከ ጎንደር ድረስ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ምን ሆንሽ አላሉኝም፤ «አባትሽ ናቸው እናትሽ?» ብቻ ነው ያሉኝ። ቤት ስደርስም ማንም አልነገረኝም። አብልተው አስተኙኝ፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ገባ። ያገራችን ወግ ይኸው ነው፣ ክፋት የለበትም።

ልጅ ወደ ውጭ በማደጎ መስጠት በሕግ ሳይከለከል በፊት፣ ጎንደር ውስጥ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አስተርጓሚ ነበርኩ። ፈረንጆቹ በአውሮፕላን ይመጣሉ፣ እናቶች ከገጠር በእግራቸው ይመጣሉ፣ እኔ መሀል ቆሜ የአንዱን ቃል ለሌላው አቀብላለሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ አገር የመጣች የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሞቶ እናቷ አልጋ ይዛ የከረመችበት ጊዜ ነው። የምትሄድ ዕለት የእናቷ ታላቅ ወንድም ትከሻቸው ላይ ይዘዋት መጡ። መኪናው ዘንድ ስትደርስ አልገባም አለች፤ «እናቴስ?» ብላ በሩን የሙጥኝ አለች። አጎትየው ጣቶቿን አንድ ባንድ አላቅቀው፣ «ኋላ ትመጣለች» ብለው አስገቧት። ከአልጋዋ ተነስታ የመጣችው እናቷም እዚያው ቆማ «አዎ» ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔም እስከ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ያንኑ ስደግምላት ሄድኩ። መጨረሻ ላይ እሷም በልጅ አፏ አብራኝ ትለው ጀመር።

ሕጉ ወጣ፣ ማሳደጊያውም ተዘጋ። እኔ አሁን አዘዞ ተቀምጬ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ያኔ የሄዱት ልጆች ግን አድገው ፌስቡክ ላይ ያገኙኛል፤ «እናቴን ፈልጊልኝ» ነው ሁሉም። ያቺ በሩን የሙጥኝ ያለችውም ጻፈችልኝ፤ ከአሳዳጊ እናቷ ጋር የተነሣሁትን ፎቶ ልካ «አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ከአማርኛ አንዲት ቃል እንዳልቀራት ነገረችኝ። አጎትየውን በስልክ አፈላልጌ፣ እናትና ልጅን አንድ ቀን በቪዲዮ አገናኘኋቸው። ምን ይነጋገሩ? ተያዩ ብቻ። ኋላ እናቲቱ «ሸጋ ሆነሻል በያት» አለችኝ። ልጅቱም ትምህርቷን እንደጨረሰች እንደምትመጣ ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ የሁላችንም ምኞት አንድ ነበር፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ባንድ ቤት፣ ባንድ ገበታ እንዲቀመጡ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ተኩስ ነበር፣ ኔትወርክም ጠፋ። ስልኩ ሲመለስ መጀመሪያ የደወሉልኝ አጎትየው ናቸው። «አረፈች» አሉኝ። ሆዷን ቆርጧት፣ የሚወስዳት መኪና ጠፍቶ፣ ቤቷ ውስጥ ነው የሞተችው። ቀብረዋታል።

«አያ፣ ልጅቱን ዛሬውኑ ልንገራት» አልኳቸው።

«ምነው? ጠላትሽ ናት?»

«እዚያ አገር እኮ በስልክ ነው የሚነጋገሩት፣ ልማዳቸው ነው።»

«ነግረሻት ስትወድቅ ማን ከመሬት ያነሳታል?»

«ያሳደገቻት እናት አለችላት።»

«ደግ ሴት ናት፣ አላማትም። ግን እህቴን አታውቃትም። ሟቿን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ያስለቅሳታል?»

የኔ አፍ አያርፍም፤ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አልኳቸው። ተቆጡ። «ትንሽ አሟታል በያት፣ ይገባታል። የኛው ደም አይደለች? ሌላ ነገር ከተነፈስሽ ግን ዓይንሽን አልይ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እውነቱን ለመናገር፣ ይገባታል ብዬ እኔም አምኜ ነበር። ማን የማይገባው አለ? ደውዬ በእንግሊዝኛ «እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ብትመጪ» አልኳትና ልቅሶዋን ጠበቅኩ።

«ምኗን ነው ያመማት?» አለች።

ክው አልኩ። ትኩሳት አላት ወይ፣ ሐኪም አይቷታል ወይ፣ ምን መድኃኒት ታዘዘላት? አከታትላ ጠየቀችኝ። «ሆዷን ነው» አልኩ፤ እሱስ እውነት ነው። አገናኚኝ ስትል «ኔትወርክ የለም» አልኩ። በማግስቱ አሳዳጊ እናቷ ራሷ ደወለች። ነርስ ናት። «እባክሽ፣ እስክንደርስላት ውሃ በብዛት ትጠጣ በያቸው» አለችኝ። «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ወይ ጉድ! ለሞተ ሰው ውሃ ሲታዘዝ ሰምቼ እሺ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ቤት ውስጥ ብቻዬን ተሳደብኩ፤ አያን፣ መንገዱን የዘጉትን ሁሉ፣ ወጋችንን፣ ራሴንም። ለአያ ደግሜ ደወልኩላቸው። «አልገባትም እኮ! ልታድናት ነው የምትመጣው» ብዬ ጮህኩ። «ትምጣ ብቻ» አሉኝ፤ «እኛ እጅ ላይ ትውደቅ።»

መጣች። ብቻዋን ናት፤ አሳዳጊዋ ከሥራ ፈቃድ አላገኘችም። ከአውሮፕላን ማረፊያው እየሮጠች ነው የወጣችው። የእናቷን ግንባር ይዛ አድጋለች፤ ሳያት አንጀቴን በላችው። «አሁኑኑ እንሂድ» አለች። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ስለነበር «ሲመሽ መንገዱ አያስኬድም፣ ጠዋት ነው» አልኳት። ቤቴ ወስጄ ራት አቀረብኩላት። ሁለት ጉርሻ ሳትበላ ተነስታ ሻንጣዋን አልጋዬ ላይ ከፈተች። የደም ግፊት መለኪያ። በየዓይነቱ የተጠቀለለ መድኃኒት፣ አሳዳጊዋ አወሳሰዱን በትልልቁ ጽፋበታለች። ወፍራም የሱፍ ካልሲም አለ፤ አገሩ ብርድ መሆኑን አንብባለች። «አንድ ነገር አስተምሪኝ፣ ገና ሳያት የምላት» አለችኝ። «እናቴ፣ መጣሁ» በይ አልኳት። «ጣ» አልወጣልሽ አላት። ሳህን ሳጥብ አጠገቤ ቆማ መላልሳ አለችው፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አርማታለሁ።

ዘመዶቿ በዋዜማው ወርደው አዘዞ ሰው ቤት አድረው ነበር። ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩ። እሷ መኪና እንዳያመልጣት ቀድማ ተነስታ ጫማዋን አስራ ተቀምጣለች። አያ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላቸው፣ ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድምፅ ሳያሰሙ ገቡ። ላገሩ ሰው ያ ነጠላ ብቻ በቂ ነው፤ ቃል አያስፈልገውም። የሷ ፊት ግን በራ። ድረስ አምላኬ! እናቷን ይዘውላት የመጡ መሰላት።

ሴቶቹን አንድ ባንድ አየቻቸው። መጨረሻ ላይ የቆመችው የእናቷ ታናሽ እህት ናት፤ ቁርጥ እናቷን። ልጅቱ ሄዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና «እናቴ፣ መጣሁ» አለች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

አያ «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» ብለው ወደኔ ዞሩ። «ንገሪያት እንጂ።»

በእንግሊዝኛ ስንት ነገር ተናግሬያለሁ፤ መርዶ ግን ተናግሬ አላውቅም። ማለዘቢያ ቃል ፈልጌ አጣሁ። «ሞታለች» አልኳት።

ከአክስቷ እቅፍ ሳትወጣ «ዛሬ ሌሊት?» አለች። «ትናንትና ማታውኑ ሄደን ቢሆን እደርስባት ነበር?»

ይህን ማናችንም አላሰብነውም። ሞት በአንድ ሌሊት የቀደማት መስሏታል፣ ያውም በኔ ራት ሰበብ። ልዋሽ አልቻልኩም። «አይደለም» አልኳት፤ «ቲኬት ሳትቆርጪ በፊት ነው። ያን ጊዜ ስደውልልሽ ሞታ ነበር።»

እንባዋ አልመጣም። የአክስቷን ክንድ ከላይዋ ቀስ አድርጋ አነሳችና ወደ ኋላ ቆመች። ባለልቅሶዋ ካላለቀሰች ልቅሶ የት ይደርሳል? ሴቶቹ አንድ ባንድ ልቅሶውን አቆሙ። «ንገሪያት፣ ታልቅስ፣ ይውጣላት» አሉ አያ። እሷ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየች፤ ያን ጣቶቿን ከመኪናው በር ያላቀቀውን እጃቸውን ብዙ አየችው። ከዚያ በአማርኛ፣ «ጣ»ዋ እንኳ ሳትሰበር፣ እንደ ሕፃን ድምፅ አድርጋ፦

«ኋላ ትመጣለች» አለች።

አያ ምን አለች ብለው አልጠየቁኝም። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት፣ ወለሉ ላይ ወደቁ። እኔና አክስትየዋ ነን ደግፈን ያነሳናቸው። ልጅቱ መድኃኒቱን ወደ ሻንጣው እየመለሰች ነበር።