በኤፊ ጡጫ የሚለካ ወጥመድ

ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። እህቴ ኤፊ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ለማውራት መጀመሪያ የእኔ ነገር መታወቅ ስላለበት ነው። ከፒል ወንዝ በላይ ባለው የአባታችን የወጥመድ መስመር ላይ ሁለታችን ሠላሳ አንድ ክረምት አብረን አጥምደናል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከድንኳኑ ውጭ ቅርንጫፍ ቀጭ ባለ ቁጥር ብድግ የምለው እኔ ነኝ። እሷ ወደ ሌላው ጎኗ ትገላበጥና "ተኛ እንጂ፣ ጀግናው" ትለኛለች።

ኤፊ ያን ጊዜ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነበር። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። በፋሲካ ቫዮሊኑ ሲመታ ጎረምሶቹ ተራ በተራ እየደከሙ ይቀመጣሉ፣ እሷ ግን ትጨፍራለች። ባሏ የወንዙ በረዶ ከድቶት ከሰመጠ በኋላ አራት ልጆቿን በማርተን ቆዳ አሳደገች። ማርተን ከሸለምጥማጥ ብዙም የማይበልጥ፣ ጉሮሮው ብርቱካንማ የሆነ፣ ከዛፍ ዛፍ የሚሮጥ አውሬ ነው። ለእኛ ለግዊቺኖች፣ ለሰሜን ካናዳ የጫካ ሰዎች፣ የክረምቱ ዱቄትም፣ ሻይም፣ ነዳጅም ከእሱ ጀርባ ላይ ነው የሚገኘው።

የማወራው እግር የሚይዘው የድሮ ወጥመድ ቀርቶ አንገት በሚመታው አራት ማዕዘን ወጥመድ እንዲለወጥ በተነገረን ዓመት ስለሆነው ነው። አዲሶቹ በየመጠናቸው መሰብሰቢያ አዳራሹ ውስጥ ተከምረው ነበር። ወንዶቹ ገብተው ትልልቁን ያነሳሉ፤ ወጥመድ ሲከብድ ሀብት ይመስላቸዋል። ኤፊ ግን እጅጌዋን ጠቀለለችና ቀኝ ጡጫዋን በእያንዳንዱ ውስጥ እያሾለከች ትለካ ጀመር። ጡጫዋ ገብቶ በየጎኑ አንድ ጣት ከተረፈ ትወስደዋለች፤ ሁለት ጣት ከተረፈ ትመልሰዋለች። ጎረቤታችን ዊልፍሬድ ከወጥመድ ጋር ቦክስ ልትገጥሚ ነው ወይ ቢላት፣ ከአንተ ጋር ከመግጠም ይሻላል፣ ይሄ እንኳን መልሶ ይመታል አለችው።

ልኩን ያስተማራት አባታችን ነው፤ እሱ ከግንድ ለሚሠራው የሚወድቅ ወጥመድ ይጠቀምበት ነበር። የማርተን ራስና የኤፊ ጡጫ እኩል ናቸው ይል ነበር። ወጥመዱ ከጠበበ አውሬው አሽትቶ ይመለሳል። ከሰፋ ደግሞ አልፎ ይገባና ወገቡን ይያዛል፤ ቶሎ አይሞትም፣ ሲቃትት ያድራል። ኤፊ በእሷ መስመር ላይ የሚቃትት ነገር እንዲኖር አትፈልግም። ከለካች በኋላ እያንዳንዱን በደረቅ የአኻያ እንጨት ትሞክረዋለች። እንጨቱን በአንድ ምት ያልሰበረ ወደ ክምሩ ይመለሳል። የመረጠቻቸውንም የፋብሪካ ዘይት ሽታቸው እስኪጠፋ ከጥድ ቅርፊት ጋር ቀኑን ሙሉ ትቀቅላቸዋለች።

ትልልቆቹ ለሌባው ናቸው። በጫካ ውስጥ ስሙን አንጠራም፣ ሌባው ነው የምንለው። ትንሽ ድብ ይመስላል፣ አጥንት እንደ ስኳር ይቆረጥማል፤ የአጥማጁን ዱካ ተከትሎ ከወጥመድ ወጥመድ እየሄደ የተያዘውን ሁሉ ይበላል። ለእሱ የሚሆነው ወጥመድ የሰው ክንድ ይሰብራል። ስለዚህ አባታችን አንድ ሕግ ነበረው። ትልቅ ወጥመድ ያጠመደ ሰው ከቦታው ሳይነሳ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ዛፎች ትይዩ አድርጎ በመጥረቢያ ይልጣቸዋል። ነጭ ልጣጭ ፊት ለፊት ሲተያይ ያየ ሰው እጁን አይሰድም። ኤፊ ግን ከነምልክቱም ቢሆን ትልቁን በመስመሯ ላይ አትፈልገውም ነበር።

ሌላም የምቀልድባት ነገር ነበራት። የእኛ ሰው ጓንቱን በተጎነጎነ የሱፍ ክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ እንዳይጠፋበት። የሁሉም ክር ወገብ ላይ ያበቃል። የኤፊ ግን በወፍራሙ ተጎንጉኖ፣ ሁለት ጊዜ አንገቷ ላይ ዞሮም ይተርፋል። ለምን አሳጥረሽ አትሠሪውም ስላት እግሬ ድረስ መድረስ አለበት ትላለች። በእግርሽ ጓንት ልታደርጊ ነው እያልኩ እስቃለሁ። እኔ ራሴ ከሱቅ የገዛሁት፣ ክር የሌለው ጓንት ነበረኝ።

ጥር ላይ ሌባው መጣ። በእኔ በኩል ባለው መስመር በአንድ ሳምንት አራት ማርተን በላ፤ ያስተረፈልኝ ጭራቸውን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ዱካው የእኔን ዱካ እየረገጠ ድንኳኑ አጠገብ ድረስ ደርሶ ነበር። እንቅልፍ አጣሁ። ኤፊ ሁለት ቀን ካልበላ ራሱ ይሄዳል፣ ወጥመዶቹን እናንሳና እናስርበው አለች። እኔ ግን እሺ አላልኳትም፤ ከመንደር ስንነሳ ከዱቄቱ ጆንያ ሥር አንድ ትልቅ ወጥመድ ደብቄ አምጥቼ ነበር።

ጅረቱ አፍ ላይ አባታችን ከግንድ የሠራው፣ በሩ ሰፊ የሆነ ትንሽ የማጥመጃ ቤት አለ። የኤፊን ትንሽ ወጥመድ አነሳሁና ትልቁን በቦታው ማጥመድ ጀመርኩ። ሞላውን በሁለት እጅና በጉልበቴ ተጭኜ ወጥሬ ቀና አልኩ። በመጣሁበት መንገድ ላይ አዲስ የሌባው ዱካ ነበር። እኔ ጎንበስ ባልኩበት ጊዜ ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ ነበር ማለት ነው። ዛፎቹን ለመላጥ ጀርባዬን ለጫካው መስጠት ነበረብኝ። መጥረቢያውን አነሳሁ፣ አንድ ነገር እፍ ሲል ሰማሁ። ምናልባት ከቅርንጫፍ የወረደ በረዶ ይሆናል። እኔ ግን በረዶ ላይ የምንነዳውን ሞተር አስነስቼ ሸሸሁ። ምልክቱን ነገ አደርጋለሁ አልኩ፤ መስመሩም የኔ ነው፣ ሌላ ሰው አይሄድበትም።

ያን ሌሊት በረዶ ጣለ። በነጋታው ሳልና ትኩሳት ጣለኝ። ለኤፊ አልነገርኳትም፤ መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ቀጥላ ትስቅብኛለች ብዬ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ምድጃው በእንጨት ተሞልቷል፣ የጥድ ሙጫ የተፈላበት ሻይ አጠገቤ አለ፣ የእሷ ብርድ ልብስ በእኔ ላይ ተደርቧል። የበረዶ ሞተሩ ግን የለም። ያኔ በእንቅልፍ ልቤ የሰማሁት ድምፅ ትዝ አለኝ። ዛሬ አትነሳ፣ ያንተን መስመር እኔ አይቼልህ እመጣለሁ ብላኝ ነበር።

እንዴት እንደለበስኩ አላውቅም። ያለን ሞተር አንድ ስለሆነ የበረዶ መራመጃዬን አጥልቄ በእግሬ ወጣሁ። ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ አንድ ነበር፤ በተነፈስኩ ቁጥር ሳሉ ደረቴን ይሰነጥቀዋል። በእንዲህ ያለ ብርድ እጁ የተያዘ ሰው አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው ያለው። ጅረቱ ደግሞ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ፈሪ ለናቱ ይባላል። ለእህቱ ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ አልነበረም።

በየወጥመዱ ቆሜ አያለሁ። በመጀመሪያው ቦታ የጫማዋ ዱካ አለ፣ ለማባበያ የተቀመጠውን የዓሣ ጭንቅላት ቀይራለች። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ማርተን ተይዞ ኖሮ ጥቂት ፀጉር በረዶው ላይ ቀርቷል። በእያንዳንዱ ቦታ ተንበርክካ እጇን እንዳስገባች ያስታውቃል፤ ወጥመዱ የሷ ምርጫ ስለሆነ አትጠረጥረውም። ከሰባተኛው በኋላ የሞተሯን ፈር ሌላ ዱካ ረግጦታል። ሌባው ከእሷ በኋላ አልፏል። ሕይወቴን ሙሉ ከእሱ ስሸሽ ኖሬ፣ ያን ቀን በዱካው ላይ ወደ እሱ ሮጥኩ።

እየሮጥኩም ውሸት እያዘጋጀሁ ነበር፤ ይህን ሳልደብቅ ልናገር። ዊልፍሬድ ነው ያጠመደው እላለሁ፣ ወይም የማላውቀው መንገደኛ። ሞታ ብትሆን ለልጆቿ የምለውን ሁሉ አሰብኩ። ራሴን ተጠየፍኩ፤ ግን ማሰቤን አላቆምኩም።

ሞተሩ ጅረቱ አፍ ላይ ቆሟል። እጄን ክዳኑ ላይ አኖርኩት፣ በርዷል። ከግንዱ ቤት ፊት በረዶው ተቦጫጭቋል፣ ደም አለበት። ከዚያ ቀጭን ጭስ አየሁ።

ጥድ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ፊት ለፊቷ ኮፍያ የሚያክል እሳት አለ። ቀኝ እጇን በካፖርቷ ውስጥ ብብቷ ሥር ወሽቃለች። ትልቁ ወጥመድ አጠገቧ ተጥሏል፤ የጓንቷ ክር በሞላው ቀለበት ውስጥ ዞሮ፣ ጫፉ እግሯ ላይ እንደ እርካብ ተጠምጥሟል። በግራ እጇና በጥርሷ ክሩን አሾልካ፣ በእግሯ እየረገጠች ሞላውን አጥብባ ነው እጇን ያወጣችው።

አየችኝ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

"ተነሳህ? ትኩሳቱ ተወህ?" አለችኝ።

ተንበርክኬ አለቀስኩ። አላባበለችኝም። በግራ እጇ ወደ መንገዱ ዛፎች ጠቆመች።

"ምልክቱ የት አለ?"

የዊልፍሬድ ስም ምላሴ ላይ ነበር። ግን አልወጣም። "ፈርቼ ነው፣ እታለም" አልኩ። "ከኋላዬ ነበር። ጀርባዬን መስጠት አቃተኝ።"

"ፈሪ መሆንህን ከተወለድክ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ የጠየቅኩህ ምልክቱን ነው።" ክሩን ከእግሯ ላይ መፍታት ጀመረች። "እኔስ የማልፈራ መስሎህ ነው ይሄን አንገቴ ላይ ተሸክሜ የኖርኩት? ሁልጊዜ እፈራለሁ። ጓንቴን ባጠለቅኩ ቁጥር ይሄ ቀን ይታየኛል። አንተ ስትፈራ ትሮጣለህ፣ እኔ ስፈራ ክር እጎነጉናለሁ። በል አሁን አንሳኝ።"

ሞተሩ ላይ ከፊቴ አስቀምጬ አቅፌያት ነዳሁ። መንገዱን ሁሉ ስትንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ወይም የምንቀጠቀጠው እኔ ነበርኩ፤ አልለየሁትም። በማግስቱ አውሮፕላን መጥቶ ወሰዳት። ሐኪሞቹ እጇን አተረፉት። ሦስቱ ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። ለልጆቿ እኔው ነኝ የነገርኳቸው፤ ታላቁ እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጠኝም፣ አልፈርድበትም።

በሚቀጥለው ዓመት መስመሩን ትተወዋለች ብዬ ነበር። ጥቅምት ላይ ቤቴ መጣችና አንድ ወፍራም የተጎነጎነ ክር ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። ሳትነግረኝ በቁመቴ ለካሁት፤ እግሬ ይደርሳል። ከዚያ ወጥመድ ልንመርጥ ወደ አዳራሹ ሄድን። ዊልፍሬድና ሌሎቹ ክምሩ ዙሪያ ቆመዋል። ኤፊ አንድ ወጥመድ አነሳች። ከልማዷ ቀኝ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደችና መንገድ ላይ አቆመችው። ሦስቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ቀርተዋል፣ ጡጫ የለም። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ዞረችና የእኔን ቀኝ እጅ ያዘች። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ እጅጌዬን ጠቀለለችና ጡጫዬን በወጥመዱ ውስጥ አሾለከችው።

"ያንተ ትንሽ ይተልቃል" አለች። "በየጎኑ ግማሽ ጣት ከተረፈ ይበቃል። አትንቀጥቀጥ፣ ልኩን ታበላሽብኛለህ።"

አሁንም የምንለካው እንደዚያ ነው። ጡጫዬ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል። እሷም እስኪረጋ ድረስ ይዛው ትጠብቃለች።